«ለብየዳ ነው ያስተማርንሽ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ያለችው የአባትሽ ንግግር ደሜን አፈላችው። በሲቪል ምህንድስና ተመርቀሻል። ህልምሽ ለከተማ የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ ከስቴንለስ (ዝገት ከሚቋቋም ብረት) መሥራት ነው። ሀንድሬልና ታንከር የሚያመርት ወርክሾፕ ሾፕ ድሮዊንግ፣ ማለትም ብረቱ የሚቆረጥበትንና የሚበየድበትን ዝርዝር ንድፍ፣ እንድትሠሪለት ጠርቶሻል። አባትሽ ግን «ለብየዳ ነው ያስተማርንሽ?» ብለው ኮንትራክተሩ ቢሮ እንድትገቢ ይፈልጋሉ።

ወርክሾፑን ያዢ። አባትሽን አከብራቸዋለሁ፤ ግን ነገሩ የደመወዝ ብቻ አይመስለኝም፣ ጎረቤት «ልጅዎት የት ገባች?» ሲላቸው «በያጆች መሀል ናት» ማለት ከብዷቸው ነው። ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ» እያልን ስንንቅ ኖረን፣ አሁን ደግሞ ድልድይ ያምረናል።

ስቴንለስን ኮምፒውተር ላይ ብቻ አታውቂውም። እነ 304 እና 316 የሚባሉት የተለመዱ የስቴንለስ ዓይነቶች በሙቀት ከጥቁር ብረት (ከተራው ብረት) ይበልጥ ይለጠጣሉ፣ ሙቀቱንም ቶሎ አያስተላልፉም። ስለዚህ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለው ቱቦ በአርጎን ጋዝ ሲበየድ ይጣመማል። ብየዳው ዳር የሚቀረው ሰማያዊ ቀለም በአሲድ ካልጸዳ ዝገቱ የሚጀምረው እዚያው ነው። ጥቁር ብረት የተፈገፈገበት የሽቦ ብሩሽ ከነካውም ያው ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በያጆች አጠገብ ቆሜ እንጂ ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ምክሬም ወደዚያ ቢያዘነብል አትገረሚ።

ማታ ማታ ደግሞ የንዝረት ስሌት አጥኚ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው የሲንጋፖሩ ሄሊክስ የእግረኛ ድልድይ የተሠራበት ዱፕሌክስ የተባለው የስቴንለስ ዓይነት የ304ን እጥፍ ያህል ጭነት ይችላል፣ ግን ላለመተጣጠፍ እጥፍ ግትር አይደለም። ጠንካራ ነው ብለሽ ካቀጠንሽው ይወዛወዛል። የለንደኑ ሚሌኒየም የእግረኛ ድልድይ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2000 ተከፍቶ፣ በእግረኛ እርምጃ ወደ ጎን ሲወዛወዝ በሁለት ቀን ውስጥ ተዘጋ፤ መወዛወዙን የሚያፍኑ መሣሪያዎች ተገጥመውለት በ2002 ነው ዳግም የተከፈተው።

ደመወዙ ያንሳል፣ እውነት ነው። የወንድምሽን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትችይው አንቺ ከሆንሽ፣ በየወሩ ስንት እንደምትሰጪና እስከ መቼ እንደሆነ ከአባትሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። ገደብ የሌለው ውለታ ሥራ አያስመርጥም። ማስተርሱ ሁለት ዓመት ይጠብቅ። ሴት ብቻዬን እሆናለሁ ላልሽው፣ ከመግባትሽ በፊት ከሠራተኞቹ ጋር አውሪ፤ አያያዛቸው ያኔውኑ ይታያል።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ወርክሾፑን ዞረሽ እይው። ስቴንለሱ ከጥቁር ብረቱ ጋር ባንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ባንድ ዲስክ የሚፈጭ ከሆነ ሌላ ፈልጊ።