«ደህና ይውጣል» ብዬ ጽፌ ነበር

ካርድ ላይ ለልጁ ችግር የሚሞላውን የበሽታ መለያ ኮድ መምረጥ እንደሚያሰለቻችሁ አውቃለሁ። እኔንም ያሰለቸኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ መዋጥ ያስቸገራቸውን ሕፃናት ስታዩ፣ የእናቶችን ጭንቀት ስትሰሙ ውላችሁ ማታ ላይ ቁጥር ፍለጋ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ማን ይወዳል?

ጀማሪ ሳለሁ አንድ የስምንት ወር ሕፃን ጡጦ ሲጠባ አየሁና ካርዱ ላይ «ደህና ይውጣል» ብዬ ጽፌ ሄድኩ። አላሳለውም፣ ትን አላለውም፣ ሌላ ምን ልጻፍ? ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሳንባ ምች ተመለሰ። በኤክስሬይ ቪዲዮ ሲታይ ወተቱ ያለ ምንም ሳል ወደ አየር ቧንቧው ይገባል። ሳይለንት አስፒሬሽን የሚባለው ይሄ ነው። ከእኔ በኋላ ያዩት ሁሉ ያቺን ሁለት ቃል አምነው ያንኑ ወተት በዚያው ጡጦ ሲሰጡት ከርመዋል።

ስለዚህ ፍርዳችሁን ሳይሆን መጀመሪያ ያያችሁትን ጻፉ። ምን ሰጣችሁት? ተቀምጦ ነው ጋደም ብሎ? ስንት ሚሊ ሊትር በስንት ደቂቃ ጨረሰ፣ መሃል ላይ ትንፋሹ ፈጠነ ወይ፣ ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውኃ የያዘ መሰለ ወይ? «ወፈር ያለ» ደግሞ ለአንዱ አጥሚት፣ ለሌላው ገንፎ ነው። የመጠጥና የምግብ ውፍረት የሚለካበት፣ ከ0 እስከ 7 የሚሄደው የአይዲዲኤስአይ ደረጃ እያለ ምን አስገመታችሁ።

ይሄ ከተጻፈ ኮዱ ራሱ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ኮዶች ዝርዝር፣ አይሲዲ-10፣ የመዋጥ ችግርን አር13 በሚል አንድ ኮድ ያልፈዋል፣ የአሜሪካኖቹ ቅጂ ግን ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ይጠይቃችኋል፤ አፍ ውስጥ ከሆነ አር13.11፣ ጉሮሮ ላይ ከሆነ አር13.13 እያለ ይቀጥላል። አር13.10 «ያልተለየ» ማለት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ያፍራል፣ እኔ አላፍርም፤ አልጋ አጠገብ ቆሞ ጉሮሮ ውስጥ የሚሆነውን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልምና። የሚያሳፍረው ምርመራው ተሠርቶ ውጤቱ እጃችሁ ላይ እያለ አር13.10 ብሎ መተው ነው።

መዋጥ ያቃተውንና አልበላም ያለውንም አትደባልቁ፣ ሁለቱም አንድ ልጅ ላይ ሊኖሩ ቢችሉም። እዚያው የአሜሪካው ቅጂ ላይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ለሕፃናት የአመጋገብ ችግር የራሱ ኮድ ወጥቶለታል፦ ችግሩ ከጀመረ ሦስት ወር ካልሞላው አር63.31፣ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ አር63.32። እና እናትየውን መቼ ጀመረው ብላችሁ ካልጠየቃችሁ የቱን ልትመርጡ ነው?

ኢንሹራንሱ ይከፍላል ተብሎ ኮድ መቀየርንስ አታንሱብኝ።

የዚያን ልጅ ካርድ መልሼ ሳገኘው ልሰርዘው እጄ ሄዶ ነበር። አልሰረዝኩትም። ከሥሩ የዕለቱን ቀን ጻፍኩ፣ በቪዲዮው የታየውን ጨመርኩ፣ ፈረምኩ።