ኢመርጀንሲ ሬዚደንሲ ልግባ ወይ ላልከው ወንድማችን

ሰላም ዶክ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ኮመንቶቹን ሳነብ ግማሹ "እንዳትገባ ትቃጠላለህ" ይልሃል ግማሹ "ግባና ሕይወት አድን" ይልሃል፣ ሁለቱም ምንም አይነግሩህም ብዬ ነው ረዘም አርጌ የምጽፍልህ። ያልከው ባጭሩ ክፍለ ሀገር አጠቃላይ ሆስፒታል ላይ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ነኝ፣ ማቺንግ (የሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊቲ ስልጠና ቦታ ምደባ) ሊከፈት ነው፣ ኢመርጀንሲ (ድንገተኛ ሕክምና) ደስ ይለኛል ቤተሰብ ግን ሰርጀሪ ወይ ኢንተርናል (ውስጥ ደዌ) ግባ ይላል፣ ትልቅ ቲቺንግ ሆስፒታል ላይ ስልጠናው ምን ይመስላል፣ ሲያልቅስ እንጀራ ያበላል ወይ ነው። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ሰልጥኜ ጨርሼ አሁን ሲኒየር ሆኜ እየሰራሁ ነው፣ የሰለጠንኩበትን ቤት ስም ግን አልጠራም ምክንያቱም የማወራው ሁሉ ደስ የሚል አይደለም።

ፊልዱ አገራችን ላይ ገና ልጅ ነው። ጥቁር አንበሳ ላይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር በፈረንጆቹ 2010 ተጀመረ፣ የመጀመሪያዎቹ 2013 ላይ ተመረቁ፣ ሲጀመር እዚህ የሰለጠነ ኢመርጀንሲ ሐኪም ስላልነበረ ከቶሮንቶና ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን እየተመላለሱ ያስተምሩ ነበር። አሁን በጳውሎስ ሆስፒታል ስር ያለው አቤት ሆስፒታልም ያሰለጥናል። ሦስት ዓመት ነው፣ ክሪቲካል ኬርም (የጽኑ ሕሙማን ሕክምና) አብሮ አለበት። ይሄን የምነግርህ ለታሪክ ብዬ አይደለም፣ ፊልዱ አዲስ መሆኑ እስካሁን ኑሮህ ላይ ይገባል። ሰርጀሪ ሬዚደንት ማንነቱን ለማንም አያስረዳም፣ አንተ ግን ሌሊት ኮንሰልት ስታደርግ (የሌላ ክፍል ሐኪም ታካሚህን እንዲያይልህ ስትጠራ) "ለምን አትሰሩትም?" እና "ለምን ነካችሁት?" የሚሉትን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሁለት ዲፓርትመንት ትሰማለህ።

አሁን ወደ ዋናው። አንተ ያለህበት ኢመርጀንሲ ታካሚ ይመጣል፣ ታየዋለህ፣ ወይ ታስተኛዋለህ ወይ ሪፈር ትጽፋለህ፣ አለቀ። ትልቁ ቲቺንግ ሆስፒታል ግን የሪፈሩ መጨረሻ ነው፣ ከዛ ወዲያ ሚላክበት የለም። "ለተሻለ ሕክምና" የሚል ወረቀት የያዘ ሁሉ አንተ በር ላይ ነው ሚወርደው፣ አንዳንዴ ሳይደወል፣ አንዳንዴ ኦክስጅኑ መንገድ ላይ አልቆ። ዋርድ አልጋ የለም አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ቬንቲሌተር ተይዟል ስለዚ ታካሚው እዛው ስትሬቸር ላይ ቀናት ይቆያል። ጠዋት ራውንድ ስትዞር ዲኬኤው (ስኳሩ ከፍ ብሎ ደሙ አሲድ የሆነበት) አለ፣ የልብ ድካሙ አለ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ የኦፕራሲዮን ተራ ሚጠብቀው አለ፣ ጊላን ባሬዋ (ነርቭ ተጎድቶ ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ያለባት) ልጅ ትንፋሿ እየደከመ ነው፣ በዛ መሃል አዲስ የመኪና አደጋ ይገባል። ሁላችንም ስንገባ መተንፈሻ ቲዩብ ማስገባት፣ ቼስት ቲዩብ (ደረት ውስጥ የሚገባው)፣ አልትራሳውንድ ምናምን ነበር ያማረን፣ እሱም አለ እጅህ ይፈታል አትጠራጠር፣ ግን አብዛኛው ቀንህ ማን ይቀድማል፣ ማን የት ይተኛ፣ ማንን ከኦክስጅን ላውርድ በሚል ነው የሚያልቅ። ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው ምትመስለው አንዳንዴ። እኔን ከጠየቅከኝ የሙያው እምብርት ይሄ ነው፣ ይሄን ስራ እንደ እንቅፋት የሚያየው ሬዚደንት ሦስቱን ዓመት ሲያማርር ነው የሚጨርሰው፣ የወደደው ደሞ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ይዞ ይወጣል። ስለዚ ራስህን የምትጠይቀው "ፕሮሲጀር እወዳለሁ ወይ" ሳይሆን "ሁሉም ነገር ጎድሎ፣ አምስት ሰው ባንዴ እየጠራኝ፣ ግማሽ መረጃ ይዤ ወስኜ ወደሚቀጥለው መሄድ እችላለሁ ወይ" ነው።

ለምሳሌ ትራያጅን ውሰድ፣ ታካሚ ሲመጣ ማን ይቅደም ተብሎ የሚለይበትን። ብዙ ቦታ የደቡብ አፍሪካውን ስኬል ነው ምንጠቀመው፣ ቀይ ወዲያው፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ60 ደቂቃ፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ ይታያል። ቀለሙን ሚወስነው አንዱ ነገር ከቫይታል ሳይን (ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊት ምናምን) ሚደመረው ነጥብ ነው። አሁን ሄደህ የትኛውንም የትራያጅ ወረቀት እይ፣ የትንፋሽ ቁጥሩ 20 ነው። የሁሉም ሰው 20! አስም ያለበትም ጣቱ የተቆረጠውም። ምክንያቱም ማንም አይቆጥርም፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ 20 ደሞ የማያስጠይቅ ቁጥር ነው። ስኬሉ ላይ 20 አንድ ነጥብ ነው፣ 30ና ከዛ በላይ ሦስት ነጥብ ነው። እና በሌላው ነገር ሦስት ነጥብ ያላት እናት ትንፋሿ እውነት ቢቆጠር 32 ቢሆን ስድስት ገብታ ብርቱካናማ ናት፣ 20 ተብሎ ከተጻፈ አራት ናት፣ ቢጫ፣ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ አንድ ሰዓት ትጠብቃለች። ትንሽ ነገር ይመስላል አይደል፣ ጎበዝ ሬዚደንት የምለው ግን ወረቀቱ ላይ 20 ሲያይ ሰዓቱን አውጥቶ ደረቷን እያየ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆሞ የሚቆጥረውን ነው።

ሌላው መመረዝ። ክፍለ ሀገር ስለሆንክ የፀረ ተባይ ኬዝ ታውቃለህ፣ ኦርጋኖፎስፌት ጠጥቶ አፉ አረፋ እየደፈቀ ሽታው ከበር ጀምሮ ሚመጣው። ኢንተርኑ (ተለማማጁ ሐኪም) ማርከሻውን አትሮፒን ይጀምርና ፐልሱ 120 ሲገባ ይደነግጣል፣ ያቆማል፣ ወይ ደሞ ባትሪ አብርቶ የዓይኑን ብሌን ያያል። የሚታየው ሳንባው ነው፣ ደረቱ ላይ ስቴቶስኮፕህን አድርገህ ክሬፒቴሽኑ (የፈሳሹ ድምፅ) ጠፋ ወይ፣ አየር ይገባል ወይ፣ ደረቅ ነው ወይ፣ እስኪደርቅ ድረስ በየአምስት ደቂቃው ዶዙን እጥፍ እያረግክ ትሄዳለህ። ይሄ መጽሐፍ ላይ አለ። መጽሐፍ ላይ የሌለው እጥፍ እያረግክ ስትሄድ የሆስፒታሉ አትሮፒን ሊያልቅ መሆኑን ከሁለት ዶዝ በፊት አውቀህ ለወንድሙ ማዘዣ ጽፈህ ውጪ ፋርማሲ መላክ፣ እሱ እስኪመለስ በቀረው ምን እንደምታረግ ማሰብ ነው። ይሄን ያስተማረችኝ ሲኒየር አይደለችም፣ ነርስ ናት፣ ገና አር ዋን (የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት) እያለሁ "ዶክተር አምፑሉን ቁጠር እንጂ" አለችኝ። በነገራችን ላይ በኢመርጀንሲና ክሪቲካል ኬር ማስተርስ ያላቸው ነርሶች አሉ፣ የመጀመሪያ ዓመትህን ከነሱ ጎን ቁምና ጠይቅ፣ ዶክተር ነኝ ብለህ የምታፍር ከሆነ ተጎዳህ።

ማንም የማይነግርህ ነገር ደሞ መርዶው ነው። አስበው፣ እኛ ጋ መርዶ በሰው በሰው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሲነጋጋ ነው ሚነገረው፣ አንተ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሪደር ውስጥ ሌሎች አስታማሚዎች እየሰሙ ለእናትየው ልትነግር ነው። ከውጪ የመጡ መምህራን የሚያስተምሩት ስቴፕ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ቁጭ በል፣ ግልጽ ቃል ተናገር ምናምን። እዚህ ግን እኔ መጀመሪያ የማረገው ከቤተሰቡ ጠንከር ያለውን መፈለግ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አጎት ወይ ታላቅ ወንድም ነው፣ "ጋሼ አንዴ ይምጡ" ብዬ ለብቻ እነግረዋለሁ፣ ለእናትየው እንዴት እንደሚነገራት እሱ ያውቃል፣ አንዳንዴ "እዚህ አትንገሯት ቤት ወስደን ነው" ይላሉ፣ እሺ ነው መልሱ። ግን በቀጥታ ዓይንህን እያየች "ልጄ አለ ወይ?" ብላ ከጠየቀችህ አትዋሽ። አስታማሚ ጋ የሚነሳው ጸብ ደሞ በብዛት ከሞቱ አይደለም የሚመጣው፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ማንም መጥቶ ምንም ስላልነገራቸው ነው። በየመሃሉ ሁለት ደቂቃ ወጥተህ "አሁን እንዲህ እያረግን ነው፣ አስጊ ነው" ብትል ብዙ ነገር ይበርዳል።

ክፉውንም ልንገርህ። እኔ በሰለጠንኩበት አንዳንድ ሌሊት ሲኒየር በስልክ ነው የሚገኘው፣ በስልክ ደሞ ኤርዌይ (የታካሚን መተንፈሻ መክፈት) አይማርም። አልጋ ስለሌለ የተከማቹትን ታካሚዎች ኦርደር ስትጽፍ፣ ላብ ስታሯሯጥ፣ ደም ባንክ ስትደውል ታድራለህ፣ አዲስ የገባውን ታካሚ ከሲኒየር ጋር አንድ በአንድ የማየት ጊዜው ይበላል። አንዳንዱ ሰው ይሄም ክሪቲካል ኬር ነው ይልሃል፣ በከፊል እውነት ነው፣ ቬንቲሌተር ሴቲንግ እዛው ነው የተማርኩት፣ ግን ስልጠናና የሰው ኃይል ማሟያ አንድ አይደሉም። እንቅልፍ፣ ወገብ፣ ትዳር... እሱን ኮመንት ላይ ጽፈውልሃል።

ስለዚ ቦታ ስትመርጥ ስሙን አይተህ አትምረጥ። እዛ ያለ አር ቱ ፈልግና ቡና ጋብዘው (ቺፉን፣ የሬዚደንቶቹን አለቃ፣ አይደለም፣ ቺፉ ያቆላምጥልሃል)። ሌሊት ሲኒየር ፍሎር ላይ አለ ወይ በለው። አልትራሳውንዱ ኢመርጀንሲ ውስጥ ነው ወይስ ቁልፍ የያዘው ሰው ቤቱ ነው ያለው? አኔስቴዥያና አይሲዩ ሮቴሽን ስትወጣ እውነት ትለቀቃለህ ወይስ "ዛሬ ሰው የለም" ተብለህ ትጠራለህ? ከቻልክ አንድ ሌሊት ኦብዘርቨር ሆነህ እደር፣ ቅዳሜ ሌሊት ይሁን። ቴሲስህን (የመመረቂያ ጥናትህን) ደሞ አር ዋን ላይ እያለህ ርዕስ ያዝለት፣ አር ስሪ ላይ ካርድ ክፍል ገብተው ቻርት የሚፈልጉትን አይቻለሁ፣ ያሳዝናሉ።

ወደ እንጀራው። የራስህን ክሊኒክ ከፍተህ ወረፋ አታይም፣ እንደ ማህፀን ሐኪም ወይ እንደ ቆዳ ሐኪም "የሱ ታካሚ ነኝ" ሚልህ ሰው አይኖርም፣ ቤተሰቦችህ የሚፈሩትም ይሄን ይመስለኛል። አዲስ አበባ ላይ ግን የግል ሆስፒታሎች ኢመርጀንሲና አይሲዩ የሚሸፍንላቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ በሽፍት ነው ሚከፍሉት፣ ሽፍቱ ሲያልቅ ስልክህን ዘግተህ ትተኛለህ፣ ሰርጀን ጓደኛዬ በዚህ ይቀናብኛል። ሀብታም አያረግም፣ ይኖራል።

ስፖንሰርህ ክልል ከሆነ ግን ውሉን በደንብ አንብብ፣ ተመልሰህ ማገልገል አለብህ። ተመልሰህ የምትገባበት ሆስፒታል ኢመርጀንሲው አንድ ክፍልና አንድ ኦክስጅን ሲሊንደር ሊሆን ይችላል፣ የመጀመሪያ ስራህም ማከም ሳይሆን ሜዲካል ዳይሬክተሩን ትራያጅ ጠረጴዛ በር ላይ ይቀመጥ፣ የድንገተኛ መድሃኒት ቁም ሳጥን ቁልፍ ሌሊትም ይኑር እያልክ መለመን ነው። እሱን እያሰብክ ካልደከመህ ግባ። እኔ ብሆን ኢመርጀንሲን አንደኛ ምርጫ አርጌ ሁለተኛ ላይ ኢንተርናልን እሞላ ነበር፣ ሰርጀሪን ቤተሰብ ግባ ስላለህ ብቻ እንዳትሞላ። ማቺንጉ ሳይከፈት የመረጥካቸውን ቦታዎች ኢንቦክስ ላክልኝ፣ የማውቀው ሬዚደንት ካለ አገናኝሃለሁ።