የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የፋብሪካ ቃታን በትንሽ ወጪ ማሻሻል

በዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ቃታ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አሜሪካ የሚኖሩ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ናቸው፤ ጠመንጃው አዲስም ይሁን አሮጌ አብዛኞቹ የሚሉት “ቃታው ከበደኝ፣ ገንዘብ ግን የለኝም” ነው። ከታች ያለው ሁሉ የሚሠራው ባዶ ጠመንጃ ላይ ነው። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ ካዝናው ይውጣ፣ ጥይት የሚጎርስበት ቦታ በዓይንም በጣትም ይፈተሽ። ሥራው ተቋርጦ ሲቀጠል ፍተሻው እንደገና ይደረግ።

ጥያቄ፦ ሩገር አሜሪካን የሚባለውን ጠመንጃ በ.308 ገዝቼ ለአደን እየተዘጋጀሁ ነው። ቃታውን ስስበው ጠመንጃው በእጄ ይንቀሳቀሳል፤ በ100 ያርድ ላይ ጥይቶቼ ይበታተናሉ። አዲስ ቃታ ግዛ ይሉኛል፤ ያለኝ ግን 40 ዶላር ነው። ምን ይሻለኛል? (አንባቢ፣ ከዴንቨር)

መልስ፦ ገንዘቡን ለጊዜው ኪስዎ ያቆዩት። የሩገር አሜሪካን ቃታ ከፋብሪካው የሚወጣው እንዲስተካከል ተደርጎ ነው፤ ክብደቱ ከ3 እስከ 5 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1.4 እስከ 2.3 ኪሎ ገደማ ይቀያየራል። ይህን ሳያውቅ ከባድ እንደሆነ ለዓመታት የሚተኩስበት ሰው ብዙ ነው።

ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት ግን ይለኩ። ሳይለካ የተነካካ ቃታ ይሻል ይባስ ማወቂያ የለውም፤ ጣት በዚህ ነገር አይታመንም። የሻንጣ መመዘኛ ዲጂታል ሚዛን በ10 ዶላር ገደማ ይገኛል። እሱም ከሌለ የአንድ ጋሎን የወተት ጀሪካን፣ አንድ ክንድ ሽቦና የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ባዶውን ጠመንጃ ያቀባብሉ፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያስደግፉት፣ ሽቦውን አጥፈው ቃታው በጣም በጎበጠበት ቦታ ያንጠልጥሉ። ሽቦው ሰደፉንም ሆነ የቃታውን መከለያ መንካት የለበትም። ከዚያ ጀሪካኑ ላይ ውሃ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። የጠመንጃው መርፌ (ጥይቱን የሚያቀጣጥለው) ቀጭ ብሎ ሲወርድ ያቁሙና ጀሪካኑን ከነሽቦው ይመዝኑ። አምስት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይያዙ። አምስቱ ልኬቶች በጣም ከተራራቁ ችግሩ ክብደት አይደለም፤ ቆሻሻ ወይም የሚያሻሽ ብረት አለ ማለት ነው፤ በዚያ ጊዜ ማስተካከያውን ማዞር አይረዳም።

አሁን ወደ ማስተካከያው። ካዝናው ይወጣል፣ ቦልቱ (ወደፊትና ወደኋላ እየሄደ የሚያጎርሰውና የሚዘጋው ብረት) ይወጣል፣ ከሥር ያሉት ሁለት ብሎኖች ተፈትተው ብረቱ ከሰደፉ ይለያል። በቃታው ቤት ፊት በኩል አንዲት ትንሽ የብሩጎላ ብሎን አለች። ወደ ግራ ስትዞር ቃታው ይቀላል፣ ወደ ቀኝ ስትዞር ይከብዳል። ሩብ ዙር ብቻ ያዙሩ፣ ይግጠሙ፣ ይለኩ። ብሎኗ የሞላው ግፊት ጨርሶ እስኪጠፋት አትፈታ፤ እንዲያ ከሆነች ጠመንጃው በረገጠ ቁጥር እየላላች ትወጣለች። ሰደፉን መልሰው ሲገጥሙ ሁለቱን ብሎኖች በመመሪያው ላይ በተሰጠው ልክ ያጥብቁ፤ ጥብቀቱ ሲለያይ የጥይቱም ማረፊያ ይለያያል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱን ቃታው ላይ ይጥሉታል።

ስንት ላይ ይቁም? ዒላማ ብቻ የሚተኩስ ሰው 3 ፓውንድ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነው። የኮሎራዶ ተራራ ላይ በኅዳር ብርድ፣ ጓንት አድርጎ ለሚያድን ሰው ግን የእኛ ምክር 3.5 ነው። በጓንት ውስጥ ጣት ቃታውን መቼ እንደነካ አይታወቅም፤ ግማሽ ፓውንዷ የምትሰጠው ትርፍ ጊዜ ዋጋ አለው።

40 ዶላሩን ጥይት ይግዙበት። ቤት ውስጥ በባዶ ጠመንጃ፣ ጠንካራ ግድግዳ ላይ አነጣጥረው በቀን 20 ጊዜ ቃታ መሳብን ይለማመዱ። የልምምድ ጥይት አጉርሰው ቢያደርጉት መርፌውም ይጠበቃል። ልምምዱ ሁለት ነገር ይሠራል፦ ጣትዎን ያርማል፣ አዲሶቹን ብረቶችም ያለማምዳል።

ጥያቄ፦ የሩገር 10/22 (.22 ጥይት የሚተኩስ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ) ቃታ ከባድ ስለሆነብኝ ከኢንተርኔት ቪዲዮ አይቼ የመቺውን፣ ማለትም መርፌውን የሚመታውን ብረት፣ ሞላ ሁለት ጥምዝ ቆረጥኩለት። ቃታው በርግጥ ቀለለ፤ አሁን ግን ከአሥሩ ጥይት ሁለቱ ሦስቱ አይተኩስም። ጥይቱ ይሆን? (አንባቢ፣ ከአትላንታ)

መልስ፦ ጥይቱ አይደለም። ያልተኮሱትን ያንሱና የቀለሁን ጠርዝ ይመልከቱ፤ የመርፌው ምልክት ጭረት ያህል ብቻ ሆኖ ያገኙታል። .22 የሚቀጣጠለው ጠርዙ ሲጨፈለቅ ስለሆነ ጠንከር ያለ ምት ይፈልጋል። የመቺው ሞላ ሲቆረጥ የሚቀንሰው የምቱ ኃይል ነው፤ የቃታው መቅለል ተከትሎ የመጣ ነገር ነው። ያኛውን ሞላ ይጣሉትና የፋብሪካውን አዲስ ይግዙ፤ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው።

የ10/22 ቃታ ከፋብሪካው ሲመጣ ከ5 እስከ 6 ፓውንድ ገደማ ነው። ክብደቱን የሚወስነው በዋነኛነት መቺው ላይ ያለው ጥርስና እሱን ቆልፎ የሚይዘው ያዥ የሚገናኙበት ማዕዘን ነው። ስለዚህ በርካሽ የሚገኘው ትልቁ ለውጥ መቺውን መቀየር ነው። ጥርሱ በትክክለኛ ማዕዘን ተሠርቶ የሚመጣ የዒላማ መቺ ከነሞላው 40 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ ክብደቱንም ወደ 2.5 እና 3 ፓውንድ ያወርደዋል። 90 ዶላር ገደማ ማውጣት የሚችል ደግሞ የራሱን የሩገርን ቢኤክስ ቃታ ሙሉውን ገዝቶ በአሥር ደቂቃ ይገጥማል፤ 2.75 ፓውንድ አካባቢ ነው። ሥራውን ለማይወድ ሰው ሁለተኛው ይሻላል፤ ምንም የሚሳሳትበት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

መቺውን ራስዎ የሚቀይሩ ከሆነ፦ ካዝናው ወጥቶ ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ያቀባብሉና ሴፍቲውን (የቃታ መቆለፊያውን) መካከል ላይ ያድርጉት፤ ወደ አንዱ ጎን ከወጣ ብረቱን ከሰደፉ አያስወጣም። የፊቱ ብሎን ይፈታል፣ በርሜሉ ላይ ማሰሪያ ቀለበት ካለም ይላላል። የቃታውን ቤት የያዙት ሁለት ፒኖች በጣት ይገፋሉ። ቤቱ ከወጣ በኋላ መቺው በባዶ ተፈናጥሮ እንዲመታ አይፍቀዱ፤ የሚያቆመው ቦልት ስለሌለ ቤቱን ይሰብራል። አውራ ጣትዎን አስደግፈው ቀስ አድርገው ያውርዱት። ሞላው ከነመግፊያ ዘንጉ የታመቀ ስለሆነ መነጽር ሳያደርጉ አይንኩት። ከመፍታትዎ በፊት በስልክ ከሁለቱም ጎን ፎቶ ያንሱ፤ ትንንሾቹ ሞላዎች በየትኛው በኩል እንደተቀመጡ ማስታወስ ለማንም ያስቸግራል።

የመቺውን ጥርስ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስን የሚመክሩ አሉ። እኛ አጥብቀን እንቃወማለን። ጥንካሬው በብዙዎቹ ክፍሎች ላይ ያለው በስሱ የላይኛው ንጣፍ ብቻ ነው፤ እሱ ሲፋቅ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ቃታው የሚያምር ይሆናል። ከዚያ ለስላሳው ብረት በየተኩሱ እየተበላ መያያዣው ይሳሳል፣ አንድ ቀን ቦልቱ በራሱ ጊዜ ሲዘጋ መቺው አብሮት ይወርዳል። ማዕዘኑ በጥቂቱ ከተዛባም ያው ነው፤ የሞላው ግፊት ያዡን ወደ ውስጥ በመሳብ ፋንታ ገፍቶ ያስለቅቀዋል። የዚህ ልኬት በዓይን አይታይም፤ በእጅ የሚሠራ ሥራም አይደለም።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ ወጥቶ እዚህ የተሸጠ አሮጌ ማውዘር ገዛሁ። በ1930ዎቹ ቤልጅየም፣ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራ ነው። ቃታው መጀመሪያ ልቅ ሆኖ ረጅም ይሄዳል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያ ከብዶ ይተኩሳል። ተበልቶ ነው? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አልተበላም፤ የተሠራውም እንደዚያው እንዲሠራ ነው። በማውዘር 98 ዓይነት ጠመንጃ የቃታው አናት ላይ ሁለት ጉብታ አለ። የመጀመሪያው ያዡን አብዛኛውን መንገድ ያወርደዋል፤ ልቅ ሆኖ የሚሰማዎት እሱ ነው። ሁለተኛው ጉብታ ሲነካ ጣትዎ “ቆመ” ይልዎታል፤ ከዚያ የቀረችው ትንሽ ጉዞ ትተኩሳለች። በጦር ሜዳ ጠመንጃው ሲወድቅም ሲመታም ያዡ ጥልቅ ሆኖ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነው። የመጀመሪያውን ጉዞ ለማጥፋት ብለው ጉብታውን የሚሞርዱ ሰዎች ያንን ጥበቃ ነው የሚያጠፉት።

ሳይቀይሩ ማሻሻል ግን ይቻላል፤ ወጪውም ከ10 ዶላር አያልፍም። እነዚህ ጠመንጃዎች ለአሥርተ ዓመታት መጋዘን ስለቆዩ የቃታው ቤት ውስጥ የደረቀ ግራሶና ዝገት አለ። አፋቸው በልኩ የሆነ ካቻቢቴ ይዘው (ልኩ ያልሆነ የብሎኑን አናት ይበላዋል) ከሥር ያሉትን ሁለት ዋና ብሎኖች ይፍቱ። አጠገባቸው ትንንሽ መቆለፊያ ብሎኖች ካሉ እነሱ ቀድመው ይወጣሉ። ያዡን ከብረቱ ጋር ያያዘችውን ፒን ገፍተው ያውጡ፣ ሞላው እንዳይፈናጠር በጣት ይሸፍኑ። ሁሉንም በነጭ ጋዝ ይጠቡ፣ በድሮ ጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ። ሁለቱ ጉብታዎች የሚንሸራተቱበትን የብረቱን ሆድ ያግኙና ዝገቱን በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ያለስልሱ፤ ጉብታዎቹንም ቅርጻቸው ሳይለወጥ እስኪያበሩ ብቻ። ያዡ መርፌውን የሚይዝበትን ጠርዝ አይንኩት። እዚያ ላይ የስንዴ ፍሬ ታህል ግራሶ በቂ ናት።

ሰደፉን ከመለሱ በኋላ ቃታው ከጎን እንጨቱን ወይም መከለያውን እንደማያሻሽ ይመልከቱ። ከአንድ አየር ወደ ሌላ የሄደ እንጨት ይኮማተራል፤ ብሎኖቹ ሲጠብቁ ብረቱ ወደ ታች ይወርድና ቃታው መታሸት ይጀምራል። የማውዘር ቃታ ከባድ የሚባልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ብረቱ ላይ የአንበሳ ወይም የዘውድ ማኅተም ካለው ደግሞ ምንም አይቦርቡሩበት፣ ዋናውን ክፍል አይጣሉ። ታሪኩም ዋጋውም እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሬሚንግተን 700 አገኘሁ። ቃታው ላይ ሦስት ብሎኖች አሉ፤ የትኛውን ላዙር? (አንባቢ፣ ከዳላስ)

መልስ፦ ምንም ከማዞርዎ በፊት የቃታውን ፊት በጣትዎ ይዳስሱ። ልሙጥ ከሆነና ጠመንጃው እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2006 እስከ ኤፕሪል 9 ቀን 2014 ከተሠራ፣ ኩባንያው በ2014 ለጥገና መልሱልኝ ብሎ የጠራው ኤክስማርክ ፕሮ የተባለው ቃታ ሊሆን ይችላል። ሲገጣጠም የተቀባው ማጣበቂያ ስለበዛ ጠመንጃው ሳይሳብ ሊተኩስ ይችል ነበር። ጥገናው እንደተደረገለት ማረጋገጫ እስኪያገኙ ድረስ ጥይት አያጉርሱበት። ፊቱ ሽንትር ያለው ከሆነ ብዙ ጊዜ የቀድሞው ዓይነት ነው፤ እሱም ውስጡ ያለችው ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ቆሻሻ ሲገባባት ወደ ቦታዋ አልመለስ በማለቷ ለብዙ ክስ ምክንያት ሆኗል።

የፊት የታችኛዋ ብሎን ክብደትን፣ የፊት የላይኛዋ ከተኮሰ በኋላ የሚተርፈውን ጉዞ፣ የኋላዋ ቃታውና ያዡ ምን ያህል እንደሚያያዙ ትወስናለች። ከእርስዎ በፊት ማን እንዳዞራቸው ስለማይታወቅ በእኛ እምነት እዚህ ላይ ቁጠባ የለም። ከ100 እስከ 200 ዶላር አጠራቅመው ሙሉ ቃታ ይቀይሩ። የተያዘው በሁለት ፒን ነው፤ አንደኛውን ሲያወጡ የቦልቱ ማቆሚያና ቀጭን ሞላው አብረው እንዳይወድቁ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ቃታ ውስጥ ምን ዘይት ልጨምር? (አንባቢ፣ ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ያጽዱ፤ የላይተር ጋዝ አፍስሰው አድርቁት። ከዚያ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ቀጭን የጠመንጃ ዘይት ፒኖቹ ላይ ብቻ። ደብሊው ዲ 40 ነፍተው ከተዉት እየቆየ እንደ ሙጫ ይይዛል። በእናንተ አገር ብርድ ወፍራም ዘይት ይረጋና ቃታው ከተሳበ በኋላ ወደ ቦታው ቶሎ አይመለስም፤ በአደን ወቅት ደረቅ ሊባል የቀረበ ቃታ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሥራውን ጨርሼ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ? (አንባቢ፣ ከሲያትል)

መልስ፦ ባዶውን ያቀባብሉ፣ ሴፍቲውን ያድርጉ፣ ቃታውን ከወትሮው አጠንክረው ይሳቡና ይልቀቁ። ከዚያ ጣትዎን አርቀው ሴፍቲውን ያንሱ፤ ጠመንጃው ዝም ማለት አለበት። ሴፍቲው ሲነሳ ቀጭ ካለ እዚያው ያቁሙ። ቦልቱን አሥር ጊዜ በኃይል ይዝጉ፣ አንድም ጊዜ መውረድ የለበትም። ባዶው ተቀባብሎ ሳለ የሰደፉን ግርጌ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ደጋግመው ይጣሉት፣ በጎማ መዶሻም ዙሪያውን ይምቱት። ከፊል አውቶማቲክ ከሆነ ቃታውን ስበው እንደያዙ ቦልቱን ጎትተው ይልቀቁ፤ ከዚያ ቃታውን ቀስ ብለው ሲለቁ ያዡ ሲረከብ ይሰማል፣ መቺው ግን አይወርድም። እንደገና ሲሳብ ብቻ ይወርዳል።

ከእነዚህ አንዱን ያላለፈ ቃታ ቀድሞ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ያም ካላዳነው ወደ ጠመንጃ ሠሪ ይሄዳል። ያለፈውም ቢሆን በመተኮሻ ሜዳ መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ብቻ ተጎርሶ ይሞከራል። አንድ ጊዜ ተስቦ ሁለት ከተኮሰ ወዲያውኑ ባዶ ያድርጉትና እስኪጠገን አይንኩት። አደጋው እንዳለ ሆኖ፣ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በአንድ ስበት ከአንድ በላይ የሚተኩስ መሣሪያ እንደ ማሽን ገን ነው የሚቆጠረው።