ቀይ ያልበራበትንም ረድፍ እዩ

ውድ ታናናሾቼ፣

ሥራ እንደጀመራችሁ አንድ የሴኩሪቲ ዳሽቦርድ ይሰጣችኋል። ፕሮግራማችሁ የሚጠቀምባቸው፣ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ፓኬጆች በሙሉ እዚያ ተደርድረዋል። ብዙ ሰው ወዲያው «ክሪቲካል» (እጅግ አደገኛ) የሚለውን ፊልተር ይጫናል፣ በቀይ የሚታዩትን ያድሳል፣ ገጹ ባዶ ሲሆን ሥራው እንዳለቀ ይቆጥራል።

ይህ ፊልተር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በ2021 መጨረሻ ሎግ ፎር ጄ የተባለው የጃቫ ላይብረሪ የደኅንነት ቀዳዳ እንዳለበት ሲታወቅ ዋናው ጥያቄ «የት የት አለን?» የሚል ነበር። ዝርዝሩ በእጁ የነበረ ቶሎ መለሰ። ግን ቀዩ የሚነግራችሁ ሌላ ሰው ቀድሞ ያገኘውን ብቻ ነው።

ፋይል ለመጭመቅ (ኮምፕሬስ ለማድረግ) የሚያገለግለውን ኤክስዜድን እንውሰድ። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ኢንጂነር ወደ ሩቅ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ነገሩን ሲከታተል በ5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር (ባክዶር) አገኘ። ከዚያ ቀን በፊት በየትኛውም የቀዳዳ ዝርዝር ላይ ስለዚህ ነገር የተጻፈ አልነበረም። የሚታየው ሌላ ነገር ነበር፦ ለዓመታት አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ የያዘው ላይብረሪ፣ ቀስ በቀስም አዲስ እትም ማውጣቱን የተረከበ ሌላ እጅ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ «ምን ያህል አደገኛ ነው?» ከማለት አልፋችሁ «ማን አወጣው? መቼ ገባ? በማን በኩል?» ብላችሁ አጣሩ። እኔ አብልጬ የምወደው ፊልተር ይህ ነው፦ ካለፈው እትም ወዲህ የገባ፣ እኛ በቀጥታ ያልጠራነው (ሌላ ፓኬጅ ይዞት የመጣ)፣ ዕድሜው ገና ጥቂት ወራት የሆነ። አዲስ የገባውን ለማወቅ የሁለት እትሞችን ሎክ ፋይል (የፓኬጆቹ ቨርዥን የተመዘገበበትን ፋይል) ማወዳደር ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጥቂት ረድፍ ስለሆነ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። በ2018 ኢቨንት ስትሪም የተባለው የታወቀ ፓኬጅ ባለቤቱ ተቀየረ። አዲሱ ሰው ፍላትማፕ ስትሪም የሚባል ማንም የማያውቀውን ፓኬጅ አስገባበት። ያ ፓኬጅ ኮፔይ ከተባለው ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ መያዣ) ቢትኮይን ለመስረቅ የተሠራ ነበር። በእንዲህ ያለ ፊልተር ብታዩት ስሙ ፊት ለፊት ይመጣል። በአደገኛነት ደረጃ ብታጣሩት ግን ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ፊልተሩ ራሱ የሚደብቀውን ተጠንቀቁ። «ከሁለት ዓመት ወዲህ ያልታደሰ» ብላችሁ ስታጣሩ ቀኑ ባዶ የሆነው ረድፍ ምን ይሆናል? በዳታቤዝ መጠየቂያው በኤስኪውኤል ከሆነ ናል (ባዶ ዋጋ) ከምንም ጋር ስለማይወዳደር ረድፉ ድምፁን አጥፍቶ ከውጤቱ ይወጣል። ቀን የሌላቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፓኬጅ ማከማቻ ሳይሆን በቀጥታ ከጊት (ከኮዱ ማስቀመጫ) የተጎተቱት፣ ብዙም የማናውቃቸው ናቸው። ባዶዎቹን ለብቻቸው አውጥታችሁ እዩ።

ለሙከራና ለግንባታ ብቻ የሚያገለግሉትንም «ፕሮዳክሽን (ተጠቃሚው ዘንድ) አይገቡም» ብላችሁ አትደብቁ። በሴፕቴምበር 2025 በጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻው በኤንፒኤም የተዛመተው ሻይ ሁሉድ የተባለው ትል የሚነሳው ፓኬጁ ኢንስቶል ሲደረግ ነበር። የሚፈልገው በዴቨሎፐሩ ላፕቶፕ ያሉትን ቶክኖች (እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግሉ ቁልፎች) ነው። ኢንስቶል ሲደረግ ስክሪፕት የሚያስኬዱትን የሚያወጣ ፊልተር ሠርታችሁ ሴቭ አድርጉ። ሪፖርት ስትልኩም ስንት ረድፍ እንደተደበቀ ከላይ ጻፉ፤ አለቃችሁ የሚወስነው ባየው ልክ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ፊልተሩ አንድ ሰው ብቻ የያዘው ፓኬጅ ሲያሳያችሁ ሰውየውን እንደ ጥፋተኛ አትዩት። የኤክስዜድን ባለቤት የማይታወቁ አካውንቶች «ዘገየህ፣ ለሌላ ሰው ስጥ» እያሉ ሲወተውቱት ነበር። እንዲህ ያለ ፓኬጅ ላይ የቆመ ሥራ ካላችሁ መሥሪያ ቤታችሁ ገንዘብ እንዲያወጣለት ጠይቁ። ገንዘብ ከሌለ ገና ያልተፈታ ባግ (ስህተት) ፈልጋችሁ አስተካክሉለት፣ ሌሎች ሰዎች የሚልኩለትንም ለውጥ አብራችሁት አንብቡ።