የፍሬሽማን ሳይኮሎጂ ጥያቄዎቻችሁ፣ ከሚድ በፊት

ሰላም ናችሁ። ሳይኮሎጂ ነው የተማርኩት፤ ፍሬሽማን ተማሪዎችን ማስጠናት ከጀመርኩም ቆየሁ። ሚድ ስለደረሰ ጀነራል ሳይኮሎጂ ላይ የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። የላካችሁትን እዚሁ አንድ ላይ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት እና ፐኒሽመንት አንድ አይደሉም እንዴ? ሞጁሉን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ግራ ገባኝ።

መልስ፦ አይደሉም እህቴ። የማስጠናቸው ልጆች በብዛት ማርክ የሚጥሉት እዚህ ጋ ነው፤ የሚያሳስተውም ስሙ ነው። ሪኢንፎርስመንት ባህሪን የሚያጠናክር ነገር ነው፣ ፐኒሽመንት ደግሞ ባህሪን የሚቀንስ። "ኔጌቲቭ" እዚህ መጥፎ ማለት አይደለም። አንድን ነገር ማንሳት፣ መቀነስ ነው፣ እንደ ሒሳቡ። እስቲ ቤት ነሽ እንበል። እናትሽ "ዕቃውን እጠቢ፣ ዕቃውን እጠቢ" እያሉ ይጨቀጭቁሻል። ተነስተሽ ታጥቢያለሽ። ጭቅጭቁ ያቆማል። በማግስቱ ገና ምሳ እንደተበላ፣ እሳቸው ትንፍሽ ሳይሉ፣ ሳፋውን አቅርበሽ ማጠብ ትጀምሪያለሽ። የማያስደስተው ነገር ተወገደ፣ ማጠብሽ ጨመረ። ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ይሄ ነው። አሁን ደግሞ አምሽተሽ ገባሽና ስልክሽን ወሰዱብሽ፣ ከዚያ ወዲህ ማምሸት ተውሽ እንበል። እዚህም የተወሰደ ነገር አለ፣ ባህሪው ግን ቀነሰ፤ ስለዚህ ፐኒሽመንት ነው። ፈተና ላይ መጀመሪያ ይህን ጠይቂ፦ ባህሪው ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ነገር ተሰጠ ወይስ ተወሰደ የሚለው ቀጥሎ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የፓቭሎቭን ውሻ አውቀዋለሁ፣ ግን ምሳሌው ሲቀየርብኝ የቱ ኮንዲሽንድ፣ የቱ አንኮንዲሽንድ እንደሆነ ይምታታብኛል።

መልስ፦ ደወልና ምግብ አብረው ሲቀርቡለት ቆይቶ ደወሉን ብቻ ሰምቶ ምራቁ የሚመጣውን ውሻ ስለሸመደድከው ነው። ከራስህ ቤት አንድ ምሳሌ ፈልግ። የኔ የእህቴ ልጅ ነው። ሕፃኑ ጤና ጣቢያ ተወስዶ መርፌ ተወጋ፣ አመመው፣ አለቀሰ። ይህን ማንም አላስተማረውም። መርፌው አንኮንዲሽንድ ስቲሙለስ (ሳይማሩት ምላሽ የሚያስነሳ ነገር)፣ ለቅሶው አንኮንዲሽንድ ሪስፖንስ (ያልተማሩት ምላሽ) ነው። መርፌ የምትወጋው ነርስ ሁልጊዜ ነጭ ጋዋን ትለብሳለች። ከጥቂት ቀጠሮ በኋላ ልጁ መርፌ ሳያይ፣ ጋዋኑን ብቻ አይቶ ማልቀስ ጀመረ። ጋዋኑ ኮንዲሽንድ ስቲሙለስ፣ ማለትም በልምድ ምላሽ የሚያስነሳ ነገር ሆነ፣ ጋዋን አይቶ ማልቀሱ ደግሞ ኮንዲሽንድ ሪስፖንስ። ቀጥሎ የሆነውን ስማ። ፀጉር ሊቆረጥ ሲወሰድ አስተካካዩ ነጭ ጋዋን ለብሷል። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ጩኸቱን አቀለጠው። ለአንድ ነገር የተማሩትን ምላሽ ለሚመስለውም መስጠት፣ ጀነራላይዜሽን የሚባለው ይሄ ነው። አየህ፣ አንድ ልጅ አምስት ቃል አስጠናህ።

ጥያቄ፦ ስምና ዓመተ ምሕረት ስንቱን ልያዝ?

መልስ፦ ጥቂት ይበቃሃል። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቩንት፣ 1879፣ ላይፕዚግ (ጀርመን)፣ የመጀመሪያው የሳይኮሎጂ ላቦራቶሪ። ዋትሰን፣ 1913፣ ቢሄቪየሪዝም። ለቀሩት ከዓመቱ ይልቅ ማን ማንን እንደተቃወመ ብታውቅ ይሻልሃል። ዋትሰን "በዓይን የማይታየውን ውስጣዊ ስሜት ትተን ባህሪን እናጥና" ብሎ የተነሳው ሰው የራሱን ውስጣዊ ስሜት እንዲገልጽ በማድረግ ያጠኑ በነበሩት በእነ ቩንት መንገድ ላይ ነው። ይህ ከገባህ ስሞቹ በቦታቸው ይቀመጣሉ።

ጥያቄ፦ ሳነብ ይገባኛል፣ ፈተና ላይ ግን ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ማንበብ ብቻ ስላበዛሽ ነው። ሮዲገር እና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2006 ይህንኑ ፈትነውታል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን እንደገና አነበበ፣ ሌላው ከማስታወሱ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ እንደገና ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ከማስታወሱ የጻፈው በለጠ። ያንቺም ፈተና በማግስቱ አይደለም። ስለዚህ አንድ ክፍል አንብቢ፣ ሞጁሉን ክደኚ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሽውን ሁሉ ጻፊ። በአማርኛ ጻፊው! ሐሳቡ በአማርኛ ካልገባሽ የእንግሊዝኛው ትርጉም አንዷን ቃል ሲቀይሩብሽ ይበተናል። መጨረሻ ላይ ስያሜዎቹን ብቻ በእንግሊዝኛ ያዢ።

ጥያቄ፦ ከ -0.80 እና ከ +0.60 ጠንካራው ኮሪሌሽን የቱ ነው?

መልስ፦ -0.80። ኮሪሌሽን ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚለዋወጡ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ምልክቱ አቅጣጫ ነው የሚናገረው፣ ጥንካሬውን ቁጥሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አሳይመንቱን ሠርተህ ስጠኝ፣ እከፍላለሁ።

መልስ፦ አልሠራልህም። የጀመርከውን ግን ላክልኝ፣ ግማሽ ገጽም ቢሆን፣ ቁጭ ብለን እናየዋለን። ለዚያ ገንዘብ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ስለ አእምሮ ሕመም የሚያወራውን ምዕራፍ ሳነብ ሁሉም ምልክት እኔ ላይ ያለ መሰለኝ። ፈራሁ።

መልስ፦ ይህን በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ሕመም የሚያጠና ተማሪ ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ ሕክምና ተማሪዎችም ይደርስባቸዋል። ማዘን፣ መጨነቅ፣ እንቅልፍ ማጣት ሁላችንም ጋ አለ። ለውጡ ስንት ጊዜ ቆየ፣ ኑሮሽንስ ምን ያህል አወከ የሚለው ነው የሚታየው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከከፋሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ክላስ መግባት ካቃተሽ ግን ከሞጁሉ ጋር ብቻሽን አትታገይ። ግቢያችሁ ያለውን የምክር አገልግሎት ወይም ክሊኒኩን አናግሪ። ሕይወትሽን ማጥፋት የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ፣ ለዶርም ጓደኛሽ ንገሪያትና አብራችሁ ሂዱ። ለኔም ጻፊልኝ፣ ማታም ቢሆን አነባለሁ።