የሐዋሳ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ገንዘብ፣ አስተዳደርና ውጤት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ዘነበ። ለማታውቁኝ፦ ሐዋሳ ውስጥ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፣ ምክትል ርዕሰ መምህርም ነበርኩ። አሁን ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባል ነኝ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ወቀሳ ጠግቤያለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። የትምህርት ቤትም ሆነ የሰው ስም አልጠራም።

ትምህርት ነጻ ነው ይባላል። ታዲያ በየዓመቱ ምዝገባ ላይ የምንጠየቀው መዋጮ ምንድን ነው? መንግሥት በጀት አይመድብም? (አባት፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

ይመድባል። ጥያቄው በጀቱ ምን ላይ ያልቃል ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልሉ፣ ከክልሉ ደግሞ ወደ ወረዳና ከተማ በጥቅል ይወርዳል። ከተማው የራሱን ገቢ ይጨምርበትና ምክር ቤቱ ያጸድቀዋል። ከትምህርት በጀቱ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ደመወዙ ደግሞ በፋይናንስ በኩል ስለሚከፈል በትምህርት ቤቱ እጅ አያልፍም። ለጠመኔ፣ ለወረቀት፣ ለተሰበረ በርና ለሽንት ቤት ውኃ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክና በሌሎች አጋሮች ድጋፍ የመጣው የትምህርት ጥራት ፕሮግራም፣ እኛ ጂኪፕ የምንለው፣ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ለትምህርት ቤቶች ይልክ ነበር። ብዙ ትምህርት ቤት ትንሽ የተነፈሰው በእሱ ነው። ችግሩ ብሩ ሲዘገይ ነው። መስከረም ላይ የተፈለገ ወረቀት ሚያዝያ ላይ ይገዛል።

መዋጮው ይህን ጉድለት መሙያ ነው፤ በፈቃደኝነትም ነው። ወላጆች በጠቅላላ ስብሰባ ተወያይተው ቃለ ጉባኤ ከፈረሙ ያስኬዳል። አልከፈልክም ተብሎ ልጅ ከምዝገባ መመለስ ግን የለበትም። ካልቻሉ ለወተመህ ይንገሩ፣ አያፍሩ። ከከፈሉ ደግሞ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ሞዴል 64 የሚባለውን። ደብተር ላይ ስም መጻፍ ደረሰኝ አይደለም።

የተዋጣው ብር የት እንደገባ እንዴት ላውቅ? ስጠይቅ “ኦዲት ተደርጓል” ብለው ይሸኙኛል። (ነጋዴ ነኝ፣ ሂሳብ አያቅተኝም)

እንግዲያው እርስዎን ነው የምንፈልገው፤ በሚቀጥለው ምርጫ ለወተመህ ይወዳደሩ።

“ኦዲት ተደርጓል” መልስ አይደለም። ኦዲተር የሚያየው በዋናነት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከተሟላ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ወላጅ ግን ዕቃውን ማየት ይችላል። አንድ ዕቃ ሲገዛ የሻጩ ደረሰኝ ይመጣል። ዕቃው መጋዘን ሲገባ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 ይቆርጣል፣ ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቁጥራቸውን ያስተያዩ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ክፍሎቹ ይሂዱ።

አንድ ጊዜ እኛ እንዲህ አድርገን ነበር። በወረቀቱ ሁሉ ነገር ልክ ነው፤ ዴስኮቹ ተገዝተዋል፣ ሞዴል 19 አለ፣ ፊርማ አለ። ክፍል ገብተን ስንቆጥርም ቁጥሩ ሞላ። ከመካከላችን አንድ አናጺ ወላጅ ነበሩ፤ ጎንበስ ብለው የአንዱን ዴስክ ጠርዝ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ። ከአዲሱ ቡናማ ቀለም ሥር በቢላ የተፈለፈለ የተማሪ ስም ወጣ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ። ከ“አዲሶቹ” ብዙዎቹ አሮጌዎቹ ተበይደውና ተቀብተው የመጡ ነበሩ። ይህን የትኛውም ኦዲተር ከቢሮ ሆኖ አያገኘውም።

ሌላው የሚረሳው የውስጥ ገቢ ነው። አጥር ላይ የተሠሩ ሱቆች ኪራይ፣ የሻይ ክበቡ፣ የሣር ሽያጭ። የኪራይ ውሉን ጠይቁ። መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ከዓመታት በፊት በተፈረመ ዋጋ ተከራይቶ ታገኙታላችሁ። ተከራዩ ማን እንደሆነ መጠየቅም ነውር አይደለም።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በ2017 ወደ 8.4 በመቶ አደገ ተባለ። እውነት ተሻሽለናል? (የሁለት ልጆች አባት)

በከፊል። ቁጥሮቹን እንይ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፣ 3.3 በመቶ። በ2015 ደግሞ 27,267 ወይም 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ። በ2017 ያለፉት 48,929 ናቸው። ይህ ጭማሪ የሚናቅ አይደለም።

ግን የተፈታኙም ቁጥር ወርዷል። በ2015 ወደ 845 ሺህ ይጠጋ ነበር፤ በ2017 ወደ 585 ሺህ ገደማ ነው። እነዚያን 48,929 ልጆች በ2015ቱ ተፈታኝ ቁጥር ብናካፍላቸው 5.8 በመቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በመቶኛው ላይ ከታየው ዕድገት ግማሽ ያህሉ የመጣው አካፋዩ ስላነሰ ነው። የት/ቤታችሁን ውጤትም እንዲሁ መርምሩ። “ካለፈው ዓመት በእጥፍ አደግን” ሲሏችሁ ስንት ልጅ ተፈተነ፣ ስንቱስ 11ኛ ላይ ቀረ ብላችሁ ጠይቁ።

በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በአገሪቱ 1,328 ነበሩ። ያ ቁጥር የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ስንፍና ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይለፍ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ልጄ 9ኛ ክፍል ደርሳ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብባ አይገባትም። (እናት፣ አላሙራ አካባቢ)

እህቴ፣ ልጅሽ የወደቀችው 9ኛ ክፍል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ምዘና በተለያዩ ክልሎች ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም። ያውም በሚማሩበት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው። በዚያ ላይ በቀድሞው የደቡብ ክልል አሠራር ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነበር። በራሱ ቋንቋ ያልተደላደለ ልጅ ሳይንስን በእንግሊዝኛ ሲማር ምን ያደርጋል? ይሸመድዳል። መምህሩም ሰሌዳውን በኖት ይሞላል፣ ልጁም ይገለብጣል፣ ክፍል ያልፋል።

ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ሁሉ፣ ለምሳሌ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ካላችሁ፣ ሮስተሩን፣ ማለትም የውጤት ሰንጠረዡን፣ ትታችሁ ዛሬ ማታ ይህን ሞክሩ። ከመማሪያ መጽሐፉ ያልተማረውን አንድ አንቀጽ ክፈቱና ጮክ ብሎ ያንብብ። የተማረውን አይሁን፤ እሱን በቃሉ ይዞታል። በጣት እየተከተለ ፊደል በፊደል ከቆጠረ፣ ወይም አንብቦ ሲጨርስ ስለምን እንደሆነ መናገር ካቃተው፣ ካርዱ ላይ 90 ቢኖርም ችግር አለ። ለልጅሽ ግን አሁንም አልረፈደም። ቀለል ያሉ የእንግሊዝኛ ታሪኮች በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ታንብብ። ከግራመር ማጠናከሪያ ይልቅ ይኼ ይሻላታል።

በአማርኛ ላስተምረው ወይስ በሲዳምኛ? (ብዙዎች)

ቤት ውስጥ በሚናገረው። ሌላኛውን እንደ ትምህርት ይጨምርበታል።

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። እዚህ የትምህርት ቦርድ በሕዝብ ይመረጣል፣ ዋና ኃላፊውን ይቀጥራል፣ ያባርራል። እኛ አገር ለምን እንዲህ አይሆንም? (የሐዋሳ ልጅ)

እዚያ ያሉት 13,000 ገደማ የትምህርት ዲስትሪክቶች ጡንቻቸው ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። ከገቢያቸው ግማሽ ያህሉ ከአካባቢው፣ በተለይም ከንብረት ግብር ይመጣል። ከፋዩ ነዋሪ መራጭም ነው፣ ስለዚህ ይጮኻል። ሀብታም ሰፈር ሀብታም ትምህርት ቤት የሚኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። እሱን አብረን አንመኝ።

እኛም ጋ በወረቀት ላይ ቦርድ አለ። የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ይባላል። የሚመሩት አብዛኛውን ጊዜ የቀበሌ ኃላፊዎች ናቸው፤ ጸሐፊው ርዕሰ መምህሩ ነው። ግብር አይሰበስብም፣ መምህር አይቀጥርም። ሰብሳቢው ደግሞ የጽዳቱም፣ የጸጥታውም ሰብሳቢ ስለሆነ ስብሰባው ይተላለፋል። ጠንካራ ቦርድ አላየሁም አልልም፤ አይቻለሁ። ሁልጊዜ አንድ ጡረታ የወጣ ሰው አለበት፣ ጊዜ ያለውና ማንንም የማይፈራ።

ርዕሰ መምህራችንን ማስነሣት እንችላለን?

እናንተ አታስነሡም። የሚመድበውም የሚያነሣውም የትምህርት መዋቅሩ ነው። ምደባው በውድድር ነው ይባላል፤ ከውድድሩ ውጪ ስለሚታዩ ነገሮች እናንተም ታውቃላችሁ። ወላጆች ማድረግ የሚችሉት አቤቱታን በጽሑፍ፣ በቀንና በማስረጃ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማስገባት ነው፣ በግልባጭ ለከተማው ትምህርት መምሪያ። ሲያስገቡ የመዝገብ ቁጥር ይውሰዱ። “ሰውየው ትዕቢተኛ ነው” የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀራል። “ከጥር እስከ መጋቢት 8ኛ ቢ የሒሳብ መምህር አልነበረውም” የሚል ግን መልስ ይፈልጋል።

እኛ 11ኛ ክፍል ፊዚክስ የለንም ማለት ይቻላል። ቲቸር ይመጣል፣ ይጠፋል። ለማን እንናገር? (ተማሪ)

ወንድሜ፣ የክፍል አለቃው የሚሞላው የመምህራን መከታተያ ወረቀት አለ አይደል? ብዙ ቦታ አለቃው ፈርቶ ሁሉንም “ገብቷል” ብሎ ይሞላል። መጀመሪያ እሱ በእውነት ይሞላ። አንተ ደግሞ በራስህ ደብተር ቀኑንና ክፍለ ጊዜውን መዝግብ። ከወር በኋላ በተማሪ ተወካያችሁ በኩል ለወተመህ ስጡ። ተማሪ በኅብረቱ ውስጥ የተካተተው ለወግ አይደለም። መምህሩንም አትጥላው። ደመወዙ ቤት ኪራይ ከፍሎ ስለማይተርፈው ሌላ ቦታ እየሮጠ ሊሆን ይችላል። ያ ግን የአንተን ክፍለ ጊዜ አይመልስም።

ትምህርት ቤታችን “ደረጃ 2” ነው ተባለ። ምን ማለት ነው?

ኢንስፔክሽን በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል፤ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። ደረጃው ከ1 እስከ 4 ነው። ደረጃ 3 የሚባለው ከ70 በመቶ ጀምሮ ነው። ደረጃ 2 ማለት ገና መስፈርቱን አላሟላም ማለት ነው። አትደንግጡ፣ አብዛኛው የአገሪቱ ትምህርት ቤት ከመስፈርቱ በታች ነው። ሪፖርቱን ጠይቁና የቱ ላይ እንደወደቀ እዩ። አጥርና ላብራቶሪ ላይ ከሆነ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ሂደቱ ላይ ከሆነ ግን ብር ሳይጠይቅ ሊስተካከል የሚችል ብዙ ነገር አለ።

በአንድ ክፍል 80 ልጅ፣ ያውም በፈረቃ። መስፈርቱ ስንት ነው?

አንደኛ ደረጃ 50፣ ሁለተኛ ደረጃ 40።

የወላጅ ስብሰባ ሁልጊዜ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ነው። የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ እንዴት ልምጣ? (እናት፣ ሐዌላ ቱላ)

ልክ ነሽ። በሥራ ቀን ጠዋት የሚጠራ ስብሰባ ላይ የሚመጣው ሁልጊዜ ያው ሰው ነው፣ የሚያጨበጭበውም ያው። የሰፈርሽን ሰዎች አስፈርሚና ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እንዲሆን ለወተመህ ሰብሳቢው ስጡት። እኛ ጋ ወደ ቅዳሜ ካዞርነው ወዲህ ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው የቆመበት ጊዜ አለ፤ አጀንዳውም ከመዋጮ ወጥቶ ወደ ትምህርቱ መምጣት የጀመረው ያኔ ነው።