ጥያቄና መልስ፦ ኮሚት ከመደረጉ በፊት ኮድን በራስ-ሰር መፈተሽ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን አመሻችሁ። ደሴም ኮምቦልቻም ወልድያም ያላችሁ ስለ ጊት ሁክ፣ ማለትም ለውጥ ሲመዘገብ (ኮሚት ሲደረግ) ጊት በራሱ ስለሚያስነሳው ስክሪፕት፣ ስትጠይቁ ስለከረማችሁ ዛሬ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው። ስትጠይቁ ኦፐሬቲንግ ሲስተማችሁንና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ስህተት ሙሉውን አስቀምጡ።

ከደሴ፦ መምህር፣ ጓደኛዬ የፕሪ-ኮሚትን (ሁኮችን የሚያስተዳድረውን መሣሪያ) ያምል፣ ማለትም የቅንብር ፋይል፣ አዘጋጅቶ ፑሽ አድርጓል። እኔ ክሎን ሳደርገው ፋይሉ አለ፣ ግን ምንም አይፈትሽልኝም።

መልስ፦ ፋይሉ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ጊት የሚያስነሳው በዶት-ጊት ማህደር ውስጥ «ሁክስ» ሥር የተቀመጠውን ስክሪፕት ነው፤ ያ ማህደር ደግሞ በክሎን አይመጣም። «ፕሪ-ኮሚት ኢንስቶል» የሚለውን በየክሎኑ አንዴ ማስኬድ ግድ ነው። ሪድሚው ላይ ከላይ ጻፉት፣ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ይመጣል።

ከኮምቦልቻ፦ ኮሚት ስል ብላክ (የፓይተን ኮድ ቅርጽ የሚያስተካክለው ፎርማተር) «ፌይልድ» ብሎ ያቆመኛል። ፋይሉን ስከፍተው ግን ራሱ አስተካክሎታል። ካስተካከለው ለምን ይከለክለኛል?

መልስ፦ ስቴጅ ያደረግከው (በ«ጊት አድ» ለኮሚት ያዘጋጀኸው) ያልተስተካከለውን ቅጂ ስለሆነ ነው። ፎርማተሩ የነካው ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ነው፤ ኮሚቱ ቢያልፍ ኖሮ ታሪክ ውስጥ የሚገባው አሮጌው ነበር። በ«ጊት ዲፍ» ምን እንደቀየረ እይ፣ እንደገና «ጊት አድ»፣ ከዚያ ኮሚት። ዲፉን ሳታይ አትዝለል። ከአንድ ፋይል ግማሹን ብቻ ስቴጅ ካደረግክ ደግሞ መሣሪያው ቀሪውን ለጊዜው ያነሳዋል፤ ሲመልሰው ከፎርማተሩ እርማት ጋር ከተጋጨ እርማቱን ትቶ ያንተን ሥራ ይመልስልሃል። ኮድህ አልጠፋም፣ አብሽር።

ከከሚሴ፦ የኔም አልሠራም።

መልስ፦ ምኑ? ስህተቱን ላክ።

ከሐይቅ፦ በባሽ የተጻፈ የራሳችን ሁክ አለን። የተቀየሩትን ፋይሎች በ«ጊት ዲፍ ካሽድ ኔም-ኦንሊ» ለይቶ ለሊንተር (የኮድ ስህተት ፈታሽ) ይሰጣል። በእንግሊዝኛ ለተሰየሙት ይሠራል፣ «የወልድያ_ክፍያ» የሚለውን ፋይል ግን «የለም» ይለዋል። ሊኑክስ ነው።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! ጊት ሲጫን «ኮር ኮት-ፓዝ» የሚባለው ቅንብር ክፍት ነው። ስለዚህ ከላቲን ውጭ ያለውን ስም ሲያትም በጥቅስ ውስጥ ከትቶ ባይቱን በኦክታል ቁጥር ይጽፈዋል። «ወ» ፊደል ለምሳሌ 341፣ 213፣ 210 ሆኖ ይወጣል። ስክሪፕትህ ይህን የቁጥር ሰንሰለት የፋይል ስም መስሎት ይፈልጋል፣ አያገኘውም። ቅንብሩን «ፎልስ» ማድረግ ለዓይን ይጠቅማል፤ ለስክሪፕት ግን ትክክለኛው መፍትሔ «ሰረዝ-ዜድ» ጨምሮ ስሞቹን በኑል ባይት መለየትና «ኤክስአርግስ»ን በ«ሰረዝ-ዜሮ» ማስኬድ ነው። ክፍተት ያለበትንም ስም አብሮ ይፈታልሃል። «ዲፍ-ፊልተር»ን ኤሲኤም ማድረግም አትርሳ፤ አለበለዚያ የተሰረዘ ፋይል ለሊንተሩ ይደርስና እንደገና «የለም» ይልሃል።

የግዕዝ ፊደል ሌላም ቦታ ላይ ያስቸግራል። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል 3 ባይት ነው። የኮሚት መልእክት የመጀመሪያ መስመር ከ50 እንዳይበልጥ የሚቆጣጠር ሁክ በ«ደብሊውሲ ሰረዝ-ሲ» ከቆጠረ የሚቆጥረው ባይት ስለሆነ ከ16 ፊደል በኋላ ይከለክላችኋል። በ«ሰረዝ-ኤም» ቁጠሩ፣ ሎካሉም (የሲስተሙ የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጡ፤ ሎካሉ «ሲ» ከሆነ እሱም ባይት ነው የሚቆጥረው። ዊንዶውስ ላይ የራሳችሁ የፓይተን ሁክ የአማርኛ ፋይል ሲከፍት በኢንኮዲንግ ስህተት ከወደቀ ፋይሉ ሲከፈት ኢንኮዲንጉን በግልጽ ጻፉ፣ ወይም «ፓይተን-ዩቲኤፍ-8» የሚባለውን ተለዋዋጭ 1 አድርጉት።

ደግሞም ያምሉን በአማርኛ ኪቦርድ የምትጽፉ፦ «፡» እና «:» አንድ አይደሉም። በስክሪን ይመሳሰላሉ፣ ያምል ግን «፡» ያለበትን መስመር እንደ ቁልፍና ዋጋ አይለየውም።

ከወልድያ፦ ለምን ፋይል በአማርኛ ይሰየማል? የኮሚት መልእክትስ? የውጭ ሰው እንዴት ሊያነበው ነው?

ከሐይቅ፦ የውጭ ሰው የለንም። ፕሮጀክቱን የሚከፍተው ሒሳብ ሠራተኛው ነው፣ በአማርኛ ነው የሚሠራው።

ከወልድያ፦ ዛሬ የለም፣ ነገ ይመጣል። ያኔ ማን ሊተረጉም ነው?

ከኮምቦልቻ፦ አቦ ተውት፣ ሁለቱንም ሞክረናል። ቀላቅሎ መጻፍ ነው ፍለጋውን የሚያበላሸው።

መልስ፦ ቡድኑ የተስማማበትን ይጻፍ፣ አንድ ዓይነት ይሁን ብቻ። ወደ ርዕሱ።

ከደሴ (ሌላ ጠያቂ)፦ የቦታ ስም ዝርዝር ያለበት ጄሰን አለን። አንዱ «ሀይቅ» ይጽፋል፣ ሌላው «ሐይቅ»፤ «ወልዲያ» እና «ወልድያ»ም እንዲሁ። ፍለጋው አንዱን ሲያገኝ ሌላውን ይስታል። ሁክ ይይዘዋል?

መልስ፦ በደንብ ይይዘዋል። ያምሉ ውስጥ ሪፖውን «ሎካል»፣ ቋንቋውን «ፓይግሬፕ» አድርጊ፣ የማትፈልጊያቸውን አጻጻፎች በሬጀክስ ጻፊ፣ «ፋይልስ» በሚለው ደግሞ ለዚያ ጄሰን ብቻ ገድቢው። ከተከለከሉት አንዱ ከተገኘ ኮሚቱን አቁሞ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ያሳይሻል። ተጠቃሚው ራሱ በሚተይበው ላይ ግን ሁክ ሥልጣን የለውም፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን ወደ አንድ መመለስ የፍለጋው ኮድ ሥራ ነው።

ከላሊበላ፦ የሆቴል መያዣ ቦት እየሠራን የቴሌግራም ቶክኑ (የቦቱ ሚስጥራዊ ቁልፍ) ከኮዱ ጋር ጊትሃብ ላይ ወጣ። በሚቀጥለው ኮሚት አጥፍተነዋል። ለወደፊቱ የትኛውን ሁክ እንጨምር?

መልስ፦ ሁኩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቶክኑን ቀይሩ። አሁኑኑ። ቦትፋዘር ላይ «ሪቮክ» በሉ። በአዲስ ኮሚት ማጥፋት ከታሪክ አያወጣውም፤ ሪፖውን (የኮዱን ማከማቻ) ያየ ሁሉ የቀድሞውን ኮሚት ይከፍታል። ታሪኩን በ«ፊልተር-ሪፖ» ማጽዳት ይቻላል፣ ግን ከቶክኑ ለውጥ በኋላ የሚደረግ ነው፣ የእሱን ቦታ አይተካም።

ለወደፊቱ ኮድ ውስጥ የገባ ሚስጥራዊ ቁልፍ የሚፈልገውን «ጊትሊክስ»ን ጨምሩ። ብዙዎች «ዲቴክት ፕራይቬት ኪይ» አለን ብለው ይተኛሉ፤ እሱ የሚያውቀው የፕራይቬት ቁልፍ ፋይልን ራስጌ ነው፣ የቦት ቶክን አይይዝም። ቶክኑን ወደ ዶት-ኢኤንቪ ውሰዱትና ፋይሉን ጊት-ኢግኖር ውስጥ አስገቡ። ቀድሞ ኮሚት የተደረገ ከሆነ ኢግኖር ብቻውን አይሠራም፣ «ጊት አርኤም ካሽድ» ያስፈልጋል። ደግሜ እላለሁ፦ የወጣ ቁልፍ ይቀየራል።

ከኮምቦልቻ፦ ፍሮንት-ኤንዱ ሐስኪ (የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክቶች የሁክ መሣሪያ) አለው፣ ባክ-ኤንዱ ፕሪ-ኮሚት። አንድ ሪፖ ነው። ፕሪ-ኮሚትን ስጭን «ኮር ሁክስ-ፓዝ ተቀምጧል፣ አልጭንም» ይላል።

መልስ፦ ሐስኪ ያንን ቅንብር ወደ ራሱ ማህደር ያዞረዋል። ጊት ደግሞ ሁክ የሚያነበው ከአንድ ቦታ ነው። አንዱን ምረጡ። ፕሪ-ኮሚት ከሆነ ሐስኪን ከፓኬጅ ጄሰን አውጥታችሁ ቅንብሩን በ«አንሴት» አንሱት፣ የጃቫስክሪፕት ሊንተሩን ኢኤስሊንትን በ«ሎካል» ሁክ ጥሩት። ሐስኪን ካስቀራችሁ የሐስኪው ስክሪፕት «ፕሪ-ኮሚት ራን»ን ይጥራ።

ከከሚሴ፦ መምህር የኔን ረሱት። «ፕሪ-ኮሚት አልተገኘም፣ ቨርቹዋል ኤንቭ አክቲቬት አድርገሃል ወይ» ይላል። ከቪኤስ ኮድ በተኑ ስጫን ነው፣ ከተርሚናል ይሠራል።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ኤዲተሩ የተከፈተው ኤንቩ (ፕሪ-ኮሚት የተጫነበት የፓይተን አካባቢ) ሳይነሳ ስለሆነ መንገዱን አያውቀውም። ፕሪ-ኮሚትን በ«ፒፕኤክስ» ለማሽኑ በሙሉ ጫንና እንደገና «ኢንስቶል» በል።

ከወልድያ፦ ኔት በዳታ ነው የምንጠቀመው። የመጀመሪያው ኮሚት ዘላለም ይፈጃል።

መልስ፦ ለእያንዳንዱ ሁክ የራሱን ኤንቭ እያወረደ ስለሆነ ነው። ደህና ኔት ባለበት ቦታ «ፕሪ-ኮሚት ኢንስቶል-ሁክስ» በሉ፤ ከዚያ በኋላ ከካሹ ይጠቀማል። «ሬቭ» (ያምሉ ላይ የተጻፈው የሁኩ ቨርዥን) እስካልተቀየረ ድረስ ዳግም አያወርድም፣ ስለዚህ «ኦቶ-አፕዴት» በየቀኑ አትጫኑ።

ከደሴ፦ ቴስቱም እዚያው ይግባ ወይ? ኮሚት አንድ ደቂቃ ይፈጅብናል፤ ልጆቹ ሁኩን የሚያስዘልለውን «ኖ-ቬሪፋይ» መጠቀም ጀምረዋል።

ከኮምቦልቻ፦ መከልከል ነው! «ኖ-ቬሪፋይ» የተጠቀመ ሪቪው አይታይለት።

ከሐይቅ፦ በምን ታውቀዋለህ? ኮሚቱ ላይ አይጻፍም።

መልስ፦ አይጻፍም፣ ትክክል ነው፤ ስለዚህ መከልከል አይቻልም። ሁክ ለጸሐፊው ፈጣን ማስታወሻ ነው፣ ዘበኛው ሰርቨሩ ላይ ያለው ሲአይ (የተላከውን ኮድ በራሱ የሚፈትሸው) ነው። ያንኑ ያምል ሲአይ ላይ በ«ራን ኦል-ፋይልስ» አስኪዱት፣ ካላለፈ መርጅ አይደረግ። ኮሚት ላይ ሰከንዶች የሚፈጅ ብቻ ይቅር፦ ራፍ (የፓይተን ሊንተር)፣ የያምል ፍተሻ፣ ጊትሊክስ፣ ትልቅ ፋይል መከልከያው (ካልተቀየረ ገደቡ 500 ኪሎባይት ነው)። ቴስቱን «ስቴጅስ» በሚለው ወደ ፕሪ-ፑሽ አዙሩት። ለዚያ ግን «ኢንስቶል» ሲባል የሁክ ዓይነቱ ፕሪ-ፑሽ ተብሎ መጠቀስ አለበት፣ ያለዚያ አይነሳም። ይህም በየክሎኑ ነው።

ከወልድያ፦ የቆየ ፕሮጀክት ላይ ስናስጀምረው ሁሉም ፋይል ቀይ ሆነ።

መልስ፦ ፎርማቱን ብቻ የያዘ አንድ ኮሚት ሥሩ፣ ሌላ ለውጥ አትቀላቅሉበት። የኮሚቱን ሐሽ «ጊት-ብሌም-ኢግኖር-ሬቭስ» በሚባል ፋይል ጻፉና «ብሌም ኢግኖር-ሬቭስ-ፋይል» የሚለውን ቅንብር ወደ እሱ አመልክቱ፤ ከጊት 2.23 ጀምሮ ይሠራል። ያለዚያ «ብሌም» (መስመሩን ማን እንደጻፈው የሚያሳየው ትዕዛዝ) በተባለ ቁጥር መስመሩን ሁሉ የጻፈው ፎርማት ያደረገው ሰው ይመስላል። ብራንች ከፍቶ የሚሠራ ካለ ደግሞ ቀድሞ መርጅ ያድርግ፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ግጭቱ በየመስመሩ ነው።